ባዶውን ያልተመለሰው ቆርቆሮ

ይድረስ ለልጄ ለሄኖክ ቦልቴ፤ ደርባን።

ልጄ ሄኖክ፣ እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚነሳብህ ሳል ተወህ? ሱቅህ ሰላም ነው? ማታ ማታ በሩን ቀድመህ ትዘጋለህ? እኔ በቁሜ አለሁ። ከዚህ በላይ ደህና ነኝ ብልህም አታምነኝም። ይህን የምጽፍልህ ገሱባ፣ ከወንድምህ ከደጉ ቤት ሆኜ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት እንደሆነ ታውቃለህ፤ እጄ ድሮም ቀርፋፋ ነበር፣ አሁን ደግሞ መቀመጥ አቅቶኛል። ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ ደጅ ወጥቼ መኪና የመጣ እንደሆነ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ነገሩ ቢዘበራረቅብህ ታገሠኝ፤ ግን ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የሰማሁበትን ቀን ልንገርህ። ሶዶ፣ የጓሮውን ግድግዳ እየመረግኩ ነበር። የደጉ ጎረቤት ደገፉ መጥቶ በር ላይ ቆመ። «እትዬ አገርነሽ፣ ደጉን ትንሽ ወባ ነክቶት ነው፤ እስቲ ደረስ ብለን እንምጣ» አለኝ። «ለወባ ሚስቱ አንሳው ነው እኔን ከሶዶ የምትጠሩት?» ብለው ጫማውን አየ። ያኔ ገባኝ፤ ግን እንዳልገባኝ ሆንኩ። እጄን ብታጠብ ጭቃው ከጥፍሬ ሥር አልለቅ አለኝ። መኪናው ውስጥ እህትህ መስከረም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ያ መንገድ እንዴት እንደሚያንገጫግጭ ታውቃለህ። በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ስለ መንገዱ ያማርራል፤ ያን ቀን ግን አንድም ሰው አላማረረም። ገሱባ ስንገባ ድንኳኑን አየሁት።

በጠብመንጃው መሞቱን ሰምተሃል። እንዴት እንደሞተ ግን አልሰማህም፣ እኔም በስልክ አልነገርኩህም። ቴሌ ውስጥ ሰው ተሰልፎ እየሰማ የሚነገር ነገር አይደለም።

ከፈረንጅ አዳኞች ጋር ይሠራ የነበረበትን ዘመን ታስታውሳለህ። አንደኛው አገሩ ሲመለስ ያችን ትንሽ ጠብመንጃ ከነፈቃዷ አዛውሮለት ሄደ። ጥይቷ ቀጭን ናት፣ በዚህ አገር ገበያ አትገኝም። ስለዚህ ደጉ የተኮሰበትን ቀለህ እየለቀመ ራሱ መልሶ ይሞላው ነበር። አምና በፋሲካ ሰሞን መጥቼ ሲሠራ አይቼዋለሁ። ጠዋት ተነስቶ ቁርሱን ሳይበላ አይጀምርም፣ የራበው ሰው ይቸኩላል ይላል። ቀለሁን በጨርቅ ይወለውላል፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ በታሰረው ብረት ይጫነዋል፣ ከሥሩ ያለችውን የተቃጠለች እሳት ጫሪ አውጥቶ በአዲስ ይተካል። ከዚያ ባሩዱን እንደ ወርቅ ሠሪ በትንሽ ሚዛን ይመዝናል። አንዲት ፍሬ ብትተርፍ ትመለሳለች። ሞልቶ ሲጨርስ ቀለሆቹን ደርድሮ ውስጣቸውን አንድ በአንድ በባትሪ ያያል፤ ከዚያ ነው አረሩን የሚገጥመው። ሲያናግሩት አይመልስም።

ጎረቤቱ ብሩ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይስቅበት ነበር። «ደጉ፣ አንተ አንዲት ጥይት እስክትሠራ ዝንጀሮው ስኳር ድንቹን በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ልጆቹን ድሮ ይጨርሳል» ይለዋል። ደጉም ሥራውን ሲጨርስ «ያንተ ጠብመንጃ የሰጧትን ትበላለች፣ የእኔዋ መራጭ ናት» ይለዋል። እውነቱን ነው። ከባሕር ዛፉ ላይ ወረቀት ሰክቶ፣ ከሜዳው ማዶ ተኝቶ አምስት ጊዜ ተኮሰና አምጥቶ አሳየኝ። አምስቱንም ቀዳዳ በሃምሳ ሳንቲም ሸፈንኳቸው። ገበሬው ሁሉ ማሳውን እንዲጠብቅለት የሚለምነው ለዚህ ነበር።

ያን ቀን ጠረጴዛውን ላጽዳለት ብዬ የባሩዱን ቆርቆሮ ባነሳ «እማዬ፣ እሱን ተይው» አለኝ። ደጉ እኔን ተይ ብሎኝ አያውቅም። ቅር እንዳይለኝ አጠገቡ አስቀምጦ አስረዳኝ። ባሩድ ሁሉ ሲያዩት ጥቁር ነው፤ ግን አንዱ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ አንዱ ቶሎ። ለአንዱ የተለካው ልክ ለሌላው ብዙ ነው፣ ጠብመንጃ ይሰብራል። ስለዚህ በዚህ ቤት አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ባሩድ ብቻ ነው ያለው አለኝ። እኔም ሰማሁ፣ ረሳሁት።

በታኅሣሥ፣ አንድ ጠዋት አዲስ የሞላቸውን ይዞ ወደ አቶ ባዳቾ ማሳ ሄደ። የመጀመሪያዋን ሲተኩስ ጠብመንጃዋ ከኋላዋ ፈነዳች፤ ብረቱ በዓይኑ በኩል ገባ። አቶ ባዳቾ ድምፁ እንደ ወትሮው ስላልነበረ ሮጠው ሄዱ። አልደረሱበትም።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልንገርህ። ከዚያ በፊት ቀበሌው ለመንገድ ብሎ ከማሳው ስለቆረሰበት ደጉ ሰው ፊት «ከዚህስ ሞት ይሻላል» ብሎ ነበር። ማን ነው ይህን የማይል? እኔ ራሴ ጨው ሲወደድ ብያለሁ። እሱ ሲሞት ግን ይህን ቃል ለቀሙት። «ደጉ በፍሬ የሚመዝን ሰው ነው፤ እሱ አይሳሳትም፤ አውቆ ነው ያበዛው» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ግድ የለሽ ነበር ተብሎ በታዘነለት፤ ልጄን በጥንቃቄው ፈረዱበት። ቄሱም ይህ ደረሳቸው። «እትዬ፣ እኔ አልፈረድኩም። ነገር ግን በገዛ እጁ ነው እየተባለ ፍትሐት ላደርስለት አልችልም። ነገሩ ይጥራ» አሉኝ። ያለ ፍትሐት፣ ከአጥሩ ሥር ቀበርነው። አርባውም ያለ ተዝካር አለፈ። ሰው ሲያገኘኝ ነፍስ ይማር ለማለት አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋል።

ነገሩ የጠራው በብሩ አፍ ነው፤ እሱም ሳያውቅ። በልቅሶው ማብቂያ መጥቶ የደጉን ሚስት አሳየሽን ሲያጽናና «እኔና ደጉ ተጎዳድተን አናውቅም» አላት። «ከርከሮ የተከልኩትን ቦዬ ከነሥሩ እየቆፈረ ሲፈጅ አንቺ ያን የባሩድ ቆርቆሮ ሰጠሽኝ። እኔም አጉድዬ አልመለስኩም። ሚሊሻው ወንድሜ የሰጠኝን ጥይት ፈትቼ፣ በባሩዱ እስከነበረበት ሞልቼ ነው ያመጣሁት። ደጉ መጉደሉን እንኳ ሳያውቅ።» እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ደጉ ስለ ባሩድ ያስረዳኝ ያኔ ትዝ አለኝ።

የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብለን አይደል ያሳደግናችሁ? ወንፊት ተውሰን እንኳ አንድ እፍኝ እህል ጣል አድርገን እንመልሳለን። ብሩ ያደረገው ይህንኑ ነው። ደጉ ያኔ ሶዶ እኔ ጋ ነበር። ሲመለስ ቆርቆሮው የራሱ፣ ያለው በቦታው፣ መጠኑም እንደተወው ነው። እንዴት አላየም ትለኝ ይሆናል፤ እኔም ይህን እያልኩ ስንት ጊዜ ከመኝታዬ ተነስቻለሁ። ከአሳየሽ ጋር በነጭ ሳህን ላይ ዘርግተን ፀሐይ ላይ አየነው። አንዱ ፍሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሌላው አጠር። እያወቅን እንኳ ለመለየት ዓይናችን ፈሰሰ።

ብሩን ጠርቼ ሳህኑን አሳየሁት፣ ደጉ ያስረዳኝንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቅ አለ፤ ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ። በማግስቱ ዲምቱ፣ ዘመዶቹ ጋ ሄዶ ተደበቀ። አቶ ባዳቾን ሽማግሌ አድርጎ ላከብኝ። «ያደረግሁትን ቄሱ ፊት እናገራለሁ፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ደም እንዳይፈልገኝና እንዳይከሰኝ ቃል ይስጠኝ» ይላል። እኔ ሰጠሁ። አቶ ባዳቾ ግን «የእናት ቃል ይከበራል፤ ታላቅ ወንድም እያለ ግን ብቻውን አይበቃም» አሉኝ። አንተ በስልክ «በወንድሜ ሞት እጁ ያለበት ሰው ካለ አልምረውም» ብለህ የጮህከውን ቴሌ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ብሩም ደርሶታል።

ስለዚህ ልጄ፣ እለምንሃለሁ። ብሩን አልከስም፣ ካሣም አልጠይቅም ብለህ በገዛ እጅህ ጻፍና ፈርመህ ላክልኝ። ብትቆጣ አይገርመኝም። እኔም ማታ ማታ እቆጣለሁ። አንድ ቀን ዲምቱ ድረስ ሄጄ ፊቱ ላይ ልጮህበት መኪና ተሳፍሬ፣ ከመንገድ ወርጄ ተመልሻለሁ። ብሩ ቢታሰር ግን የሚናገር የለም፤ እሱ ካልተናገረ ደጉ ከአጥሩ ሥር እንደተባለው ሆኖ ይቀራል። ለብሩ ጸልይለት አልልህም፤ እኔም ገና አልቻልኩም። ቃልህን ብቻ ስጠው።

አሳየሽንም እንዳትወቅሳት። «ቆርቆሮውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» ካለች ወዲህ ምግብ አይወርድላትም። ጎረቤት ቆርቆሮ ሲለምናት የለም የምትል ሚስት ብትሆን ኖሮ እኛው ነበርን የምናማት። እጅ ነስታ ሰላም ብላሃለች። ልጇ ትንሿ ኤፊም አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። መስከረም በብዙ ናፍቆት ሰላም ትልሃለች፤ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። አቶ ባዳቾ ሰላም ብለውሃል፤ ዝንጀሮው አሁን በቀትር ማሳቸው ውስጥ ይቀመጣል፣ የሚያባርረው የለም። ደገፉም ሰላም ብሎሃል፤ ስለዚያ የወባ ነገር እስካሁን ዓይኔን አያይም።

ወረቀትህ እስኪደርስ እዚህ በቅዳሴ ስሙን የሚጠራለት የለም። እኔ ብቻዬን ጠዋትና ማታ እጠራዋለሁ። እሑድ ከአገር ልጆች ጋር ስትሰበሰቡ ይህን ደብዳቤ አንብብላቸው። በገዛ እጁ የሄደ እንዳልሆነ ይስሙ። ያነበበውም የሰማውም ሁሉ በክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ብሎ ይጥራው፤ ነፍሱን ይማር ይበልልኝ፤ አፉን ከፍቶ መልሶ አይዝጋ።

እናትህ አገርነሽ

ገሱባ፣ የካቲት 3 ቀን 1998 ዓ.ም.