ለብርድ ነው ያልኩት ግድግዳ

ውድ ወንድሜ፣

«አባባን የቀበርናቸው አርብ ዕለት አይደለም። ቱቦዋን የደፈንክ ዕለት ነው። ያንን ግድግዳ እስክታፈርስ ድረስ ወንድም የለኝም።»

ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፤ አንድም አልቀነስኩም። ከሥራው በተረፈ የጂፕሰም ቦርድ ቁራጭ ላይ በአናጢ እርሳስ ጽፈህ፣ ጋራዡ በር ላይ በሁለት ምስማር ቸንክረኸው ሄድክ። ከእኔ በፊት ጎረቤት አነበበው። ከጎረቤትም በፊት ልጄ አነበበችው። «አባዬ፣ አጎቴ የጻፈው እውነት ነው?» አለችኝ። ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ ናትና «አይደለም» ብዬ ላታልላት አልቻልኩም። «እውነት ነው» ለማለት ደግሞ አፌ አልታዘዘኝም። ምስማሮቹን በመንቀያ ሳወጣ ቆማ አየችኝ።

ተናድጃለሁ። ይህን አስቀድመህ እወቀው። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ «ወንድም ጋሼ» ስትለኝ ኖረህ፣ እዚያ ቁራጭ ላይ ግን ስም እንኳ ነፈግከኝ። ደግሞም ግድግዳው ግድግዳዬ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱን ቋሚ እንጨት ያቆምከው አንተ ነህ። አባባ «ውሃ ልክ» ብለው ስም ያወጡልህ ሥራህ አንዲት ፀጉር ታህል ስለማይዛነፍ ነው። በእጅህ የሠራኸውን ነገር ተመልሰህ በእኔ ላይ ብቻ መጫን ከውሃ ልክ አይጠበቅም።

ይህን ካልኩ በኋላ ያላልኩህን ልበልህ።

እማማ አርፋ አባባ የአናጢነት መሣሪያቸውን በሁለት ጆንያ ይዘው እኛ ቤት ሲመጡ ጋራዡን አይተኸዋል። ባዶ ብሎኬት፣ ከላይ ቆርቆሮ። ጠዋት ጠዋት ጣታቸው እየደረቀ መሮውን ያስቀምጡና እፍ፣ እፍ ይሉበት ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ለሁሉም የነገርኩት ይህንን ነውና። ያልነገርኩት ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ መጋዛቸው በጥናት ክፍሌ ግድግዳ በኩል እያለቀሰ ይገባል። እኔ የተማሪ ፈተና አርማለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ስድስት ዓመት የጀመርኩትንና ያልጨረስኩትን መጽሐፍ እጽፋለሁ። መጋዙ ሲያቆም መላጊያው ይቀጥላል። መላጊያው ሲያቆም እሳቸው ያንጎራጉራሉ። ጥርሴን ነክሼ እቀመጣለሁ። አባቴ ናቸው፤ ምን እላለሁ?

አንተ ሜትርህን ይዘህ የመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል?

«ወንድም ጋሼ፣ ለብርድ ከሆነ አራት ጣት ውፍረት ያለው ጥጥ ይበቃል» አልከኝ። ያንን እጅ የሚያሳክክ የመከላከያ ጥጥ ማለትህ ነበር። «ጣሪያውን በደንብ ካለበስነው ጉያ ነው የሚሆንላቸው።»

«ስንዝር ይሁን» አልኩህ። «ጂፕሰሙም ድርብ። በቤቱ ግድግዳ በኩል ደግሞ ክፍት አየር ተውበት። አንዱ ሌላውን እንዳይነካ።»

ሜትሩን ለቀቅከው፤ እየተንሿሿ ገባ። «ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ለብርዱ ነው ወይስ ለአባባ?»

ሳቅን። አንተም ሳቅክ፣ እኔም ሳቅኩ። አባባ ከውጭ «ምን አሳቃችሁ?» አሉ። «ልጅዎ ሊያሽግዎት ነው!» አልካቸው። «ያሽገኝ፣ ብቻ ይሙቀኝ» አሉ።

ዋጋው አንተ ከገመትከው ሁለት እጥፍ ተኩል መጣ። መኪናዬን ሸጥኩ። አባባ ባዶው ጋራዥ መሐል ቆመው ራሳቸውን እየነቀነቁ «ለመኪናዋ ቤት ልታሳምር መኪናዋን ሸጥካት? የተማረ ሰው ሂሳብ እንዲህ ነው እንግዲህ» አሉ። ሰፈሩ ግን ሌላ ሂሳብ ሠራ። «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አለ። በቀብሩ ላይ ሳይቀር አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «መኪናህን ሸጠህ የጦርክ፣ ምነው እንዳንተ ያለ ልጅ በሰጠኝ» ሲሉኝ አጠገቤ ነበርክ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንተ ዝም አልክ። ለዚያ ዝምታህ ባለ ዕዳህ ነኝ።

እነሆ፣ በእጄ ጽፌ እሰጥሃለሁ፦ አራት ጣቱ ለብርዱ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለእኔ ነበር።

አሁን ስለ ቱቦዋ። አባባ ድሮ የሆነ ነገር ሲፈልጉ በእንጨት መዶሻቸው ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ይመቱ ነበር። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ባለቤቴ ሻይ ይዛ ትሄዳለች። ግድግዳው ሲደነድን ምቱ ሞተ። አንተም ለእኔ ሳትነግር ከመቀመጫቸው አጠገብ ተነስታ ወጥ ቤት የምትወጣ ሁለት ጣት የምታስገባ ቱቦ ቀበርክ። ለምን አልነገርከኝም? እንደማልፈቅድ ስላወቅክ ነው። ልክ ነበርክ። ሳምንት ሙሉ በዚያች ቱቦ ሲጫወቱ እኔ ብቻ አላወቅኩም።

«ሃሎ!» ይላሉ አባባ።

«ማን ልበል?» ትላለች ባለቤቴ ድስቷን ትታ።

«የባለቤቱ አባት ነኝ።»

«ባለቤቱን ላገናኝዎት?»

«ተይው፣ እሱ መስመሩ አይገኝም። ሻይ ካለ ለአንቺው ልናገር ብዬ ነው።»

ማክሰኞ ዕለት ሻማ አብርቼ በግድግዳው ዙሪያ ዞርኩ። የአየር ማምለጫ እንዲህ ነው የሚገኘው፤ ነበልባሉ ያዘነብላል። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር አዘነበለ። ቱቦዋን አገኘኋት። ከሰው አገር ያመጡልኝን ውድ መሣሪያ ሰው ያበላሸብኝ ያህል ተናደድኩ። የሚረጨውን፣ ሲደርቅ የሚጠነክረውን መድፈኛ ፎም አመጣሁና ሞላኋት። ዞሬ ጋራዡ ስገባ አባባ ፎሙ በእሳቸው በኩል እያበጠ ሲወጣ እያዩ ነበር።

«ምነው መምህር፣ ስልኬን ቆረጥክብኝ?»

«ለጊዜው ነው አባባ። ብርድ እያስገባ ነው። በኋላ ክዳን ያለው እሠራልዎታለሁ።»

«ብፈልግህስ?»

«በሩን ከፍተው ይጣሩ።»

«እሺ» አሉ። «አንተ ካልክ።»

ይህን «እሺ» በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው ብነግርህ አታምነኝም።

ሐሙስ ባለቤቴ ሥራ፣ ልጄ ኮሌጅ ነበሩ። ጥናት ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። የግድግዳውን ውጤት የምመዘግብበት ደብተር ነበረኝ፤ በየቀኑ ስንት ሰዓት ላይ ምን እንደተሰማ እጽፋለሁ። ሰኞ «መጋዝ፣ ከሩቅ» ይላል። ረቡዕ «መላጊያ፣ በጣም ትንሽ» ይላል። የሐሙሱን ቃል በቃል ልገልብጥልህ፤ ያንተን ገልብጬ የራሴን ባስቀር ፍትሕ አይደለም።

«ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ምንም አይሰማም። ተሳካ።»

ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ከዚያ መጽሐፌን አወጣሁና አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ የቀናኝ ቀን የለም።

ባለቤቴ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገባች። «አባባ ሻይ ጠጡ?» ብላኝ ወደ ጋራዡ ሄደች። ጮኸች አሉ። ጎረቤት በበሩ በኩል ሰምቷል፤ እኔ አልሰማሁም። ሮጣ መጥታ ደረቴን በሁለት እጇ ስትመታኝ ነው ከወንበሬ የተነሳሁት።

ሐኪሙ ለሁለታችንም የነገረንን ታውቃለህ፤ የጭናቸው አጥንት እንደተሰበረ፣ ልባቸው እንዳልቻለች። ለእኔ ብቻ ኮሪደር ላይ የነገረኝን ግን አታውቅም። «ከወደቁ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ሳይቆዩ አልቀሩም» አለኝ። በሩ ከወደቁበት ስምንት እርምጃ ይርቃል። ለክቼዋለሁ። ቱቦዋ አንድ ክንድ ብቻ ትርቅ ነበር።

ከቀብሩ ማግስት ወለሉን ልጠርግ ገባሁ። ቱቦዋ አፍ ላይ ያለው ፎም አንድ ጣት ያህል በመሮ ተቆፍሯል፤ ፍርፋሪው መሬት ላይ ነበር። ከጎኗ ጂፕሰሙ ጎድጉዷል። የመዶሻ ምት ነው። ከወለሉ ከፍታው ጉልበቴ ድረስ ነው፤ ማለት ተኝተው፣ በክንዳቸው ተደግፈው ነው የመቱት። ቆጠርኩ። ሃያ ሰባት ነው። ሦስት ሦስት ሆኖ ዘጠኝ ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቱን ሰብረው ገብተዋል። የመጨረሻዎቹን ሦስት በዓይን ማየት ይከብዳል፤ በጣት ሲዳሰሱ ነው የሚታወቁት።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴም። ጣውላ አስደግፌ ሸፍኜዋለሁ።

ፎሙን በሽቦ ጎርጉሬ አውጥቻለሁ፤ ቱቦዋ ተከፍታለች። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ወጥ ቤት ገብቼ ጆሮዬን እደግንባታለሁ። የሚመጣው ብርድ ብቻ ነው። ጆሮዬን አንስቼ ዞር ስል ግን ሦስት ጊዜ ይመታል። እኔ ልኬትን የማስተምር ሰው ነኝ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልቼ ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩ፤ ግድግዳው ቢመታ ውሃው መንቀጥቀጥ አለበት። ውሃው አይንቀሳቀስም። ምቱ ግን ይሰማኛል። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት መግባት ትታለች። አልጠየቅኳትም፤ አልነገረችኝም።

እንግዲህ «አፍርሰው» ላልከው መልሴ ይህ ነው። ያላፈረስኩት ለገንዘቡ ሳስቼ ወይም ጥፋቴን ላለማመን አይደለም። የአባባ የመጨረሻ ደብዳቤ እዚያ ላይ ስላለ ነው። የተጻፈው ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ «ምንም አይሰማም» ብዬ መለስኩለት። ካፈረስኩት የት አገኘዋለሁ? ካላፈረስኩት ደግሞ አብሬው እንዴት እኖራለሁ? ይህን ብቻዬን ልወስነው አልችልም። አባትነታቸው ላንተም ነውና አልወስነውም።

ስለዚህ የምጠይቅህ ይህ ነው። ና። ጣውላውን አንሳውና እጅህን አሳርፍበት። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዳስሳቸው። ከዚያ በኋላ «ይፍረስ» ካልክ የመጀመሪያውን መዶሻ የማነሳው እኔ ነኝ። «ይቆይ» ካልክም ይቆያል። ወንድም የለኝም ካልክ ደግሞ ያንኑ አይተህ በለኝ።

የምትመጣ መሆን አለመሆንህን ግን ወሩ በገባ እስከ ሃያ አምስት ድረስ በጽሑፍ አሳውቀኝ። በጂፕሰም ቁራጭም ቢሆን እቀበላለሁ። በስልክ አይሆንም። ጆሮዬን ማመን ትቻለሁ።

በሃያ አምስተኛው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ እጠብቅሃለሁ። ስትመጣ እባክህ በሩን አታንኳኳ። ክፍት ነው።

«ወንድም ጋሼ» ስትለው የኖርከው
ወንድምህ