ሦስቴ የጠራሁት ስም

መካኒሳ፣ ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ሐዋሳ ድረስ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጨጓራሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም በባዶ ሆድሽ ችሎት ትገቢያለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ከንዴቴም በቀር ነው። እናትሽ ደህና ናት። እኔን ማነጋገር ካቆመች ግን አራት ቀኗ ነው።

ባለፈው እሑድ በስልክ የጮኽሽብኝ ከጆሮዬ አልወጣም። በጡረታህ ምን ነካህ፣ ቪዲዮው እዚህ ድረስ ደርሷል፣ ባልደረቦቼ ፊት አሳፈርከኝ አልሽና ዘጋሽብኝ። አባት ላይ ስልክ ይዘጋል? ዳኛ ስትሆኚ ግራ ቀኙን ሳትሰሚ መፍረድ ነው ያስተማሩሽ? እንግዲህ አሁን ተቀምጠሽ አንብቢ።

ፍርድ ቤቱ በሞት የተለዩትን ዳኞችና ጠበቆች የሚያስብበት ቀን አዘጋጀ። ድንኳን ተጣለ፣ ነጭ ወንበር ተደረደረ፣ የሟቾቹ ፎቶ ያለበት ባነር ተሰቀለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠበቃ በፍቃዱ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በረንዳው ላይ ባለጉዳይ ሲጠሩ የኖሩ ሰው ነዎትና የሟቾቹን ስም በእርስዎ ድምፅ እንስማው አለኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ሱፌን አስተኮስኩ።

ወረቀቱን የሰጡኝ ማይኩ ጋ ከቆምኩ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ስም። የመጀመሪያው ዳኛ ፊሊጶስ። ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ ገልብጬም አየሁት። ጠበቃ ለሜሳ የለም።

በፍቃዱን ዞር ብዬ ጠየቅኩት። ሲሞት የጥብቅና ፈቃዱ አልታደሰም ነበር፣ በደንቡ መሠረት ጠበቃ አይባልም አለኝ። ስሙ በፍቃዱ ስለሆነ ፈቃድ ሁሉ የእሱ መሰለው! ለሜሳ እኮ ከሐና ማርያም እስከ ላፍቶ ለስንቱ ገበሬ በነፃ የቆመ ሰው ነው። ይሄው በፍቃዱ ጀማሪ ሆኖ ማረፊያ አጥቶ ሲንከራተት ከቢሮው ጠረጴዛ የሰጠው ለሜሳ ነው። ስሙን የሰረዘውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ፈቃዱ ለምን ሳይታደስ እንደቀረ እዚያ ድንኳን ውስጥ የማያውቅ የለም። አንቺም ታውቂያለሽ፤ ጠባዩ ነው ያጠፋው ብዬ የነገርኩሽ እኔው ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ኦቦ በንቲ የሚባሉ የላፍቶ ሽማግሌ ጓሯቸውን አጥሮ የያዘባቸውን ባለሀብት ከስሰው ነበር። ጠበቃቸው ለሜሳ ነው። ጉዳያቸው በሚሰማበት ጠዋት ለሜሳ ሌላ ችሎት ላይ ቆየ። ኦቦ በንቲ ደግሞ በረንዳው ጫፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ጆሯቸው አይሰማም። የእኛን ፍርድ ቤት ልማድ ታውቂዋለሽ፤ የባለጉዳይ ስም ሦስቴ ነው የሚጠራው። አንዴ ከበሩ፣ አንዴ ከበረንዳው መሀል፣ አንዴ ከደረጃው ላይ ወደ ግቢው። ሦስቴ ተጠርቶ ያልመጣ አልቀረበም ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። ቀኑን አንቺም አትረሺውም፤ ለእጩ ዳኝነት አለፍኩ ብለሽ እያለቀስሽ የደወልሽልኝ ቀን ነው። ስልኬ የጮኸው ከበሩ ላይ የመጀመሪያውን ጠርቼ ሳልጨርስ ነበር።

መዝገቡ ተዘጋ። ለሜሳ እያለከለከ ገብቶ፣ ደንበኛዬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሏል፣ በደንብ አልተጠራም አለ። ዳኛ ፊሊጶስ ወደ እኔ ዞረው ሦስቴ ጠርተሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያልኩት መዝገቡ ላይ ሰፍሯል። ለሜሳ ይሄ ሰው ይዋሻል ብሎ ጮኸ። ዳኛውም በችሎቴ ሠራተኛ አይሰደብም ብለው ችሎት በመድፈር አንድ ወር አሰሩት። የተዘጋ መዝገብ ይከፈትልኝ ተብሎ የሚጠየቀው ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ነው። ሲፈታ ቀኑ አልፎ ነበር። ኦቦ በንቲ ጓሯቸውን አጡ። ለሜሳም ቢሮውን ዘጋ፣ ከዚያ በኋላ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ አላለፈም። ባለፈው መስከረም ሞተ።

አሁን ዳኛ ፊሊጶስ ባነሩ ላይ እየሳቁ አንደኛ ይጠራሉ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የተነገራቸውን ነው ያመኑት። ለሜሳ ግን አሥራ ሁለተኛ መሆን እንኳ ይነፈገው?

አሥራ አንዱን እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ጊዜ ጠራሁ፤ ሕዝቡም ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ጠበቃ ለሜሳ ብዬ ጠራሁ። ከመድረኩ ወርጄ በወንበሮቹ መሀል ቆሜ ደገምኩት። በፍቃዱ ክንዴን ያዘኝ፣ ገፈተርኩት፤ ባልደረቦችሽ የሳቁበት እሱ ላይ ነው። ከድንኳኑ በር ላይ ሆኜ ወደ ግቢው ሦስተኛውን ጠራሁ። ያኔ ከኋላ ረድፍ ባለቤቱ ወይዘሮ ኦብሴ ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች ብድግ ብላ፣ አቤት አለች።

ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል። ቀጥሎ የሆነውን አላየሽም። ወይዘሮ ኦብሴ መጥታ እጄን ይዛ ሳመችው። ባሌ ስሙን እዚህ ግቢ የሚጠራለት አጥቶ ሞተ፣ እርስዎ ጠሩልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ለሜሳ ያን ቀን ችሎት ላይ ማን ላይ እንደጮኸ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም ማለት ነው። ሰው መክሰስ ሙያው የነበረ ሰው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ እኔን አልከሰሰኝም! ይሄ ነው ያናደደኝ። ከበፍቃዱም፣ ከባነሩም፣ ከአንቺም በላይ ይሄ ነው ያናደደኝ። እናትሽም ያኮረፈችው በግርግሩ አይደለም፤ ቤት ገብቼ አንድ ነገር ነግሬያት ነው።

ሰኞ ወደ ኦቦ በንቲ ቤት እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወደ ወይዘሮ ኦብሴ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤቱ። የምለውን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ባልደረቦችሽ ፊት ከእስካሁኑ የባሰ ታፍሪ ይሆናል፤ እንግዲህ ቻይው። አንቺ ምንም የለብሽም። ደስታሽን ልትነግሪኝ ነው የደወልሽው።

አንድ አደራ ብቻ አለኝ። ወንበርሽ ላይ ስትቀመጪ ጠሪሽን ሦስቴ ጠርተሃል ወይ ብለሽ ጠይቀሽ ብቻ ቃሉን አትቀበዪ። ካባሽን እንደለበስሽ ተነሺና በረንዳውን ራስሽ እዪው።

ሐና ማርያም ከክፉ ትጠብቅሽ፣ ከእኔ የተሻለ እርጅና ትስጥሽ። ሌሎቹን አንዴ ጠርተህ ለሜሳን ሦስቴ መጥራት ምን ይሉታል ብለሽኝ ነበር። አንዷ የእሱ ናት። ሁለቱ ያን ጠዋት ስልክሽን ሳነሳ የቀሩት ናቸው።

ጠሪው አባትሽ