ለወፏ ማር አልሰጣትም

ቆይ እማዬ፣ ወፏን ማር የከለከልኳት እንደጻፍሽልኝ ሰስቼ አይደለም! ለመሆኑ ጤናሽስ? እኔ ይመስገነው፣ እዚህ አሜሪካ ሰፈሬን ፒዮሪያ ስትሪትን እያንቀጠቀጥኩት ነው።

ሃሚንግበርድ አውራ ጣት የምታክል ወፍ ናት፤ ማር ምላሷን ያሳምማታል። ብርዝ በጥብጬ ልሰጣት ስል ያስቆሙኝ ሰፈራችን የሚመጡ ወፍ አጥኚዎች ናቸው። አሁን ለሰፈሩ ሁሉ የስኳር ውሃ አበጣበጥ የማስተምረው እኔ ነኝ! ሰኞ በረንዳዬ ላይ ያዟትና እግሯ ላይ የመለያ ቀለበት አስረው መዘኗት። «ወፍራለች፣ ሜክሲኮ አገር ድረስ መብረር ትችላለች» አሉ። በማን ስኳር? በልጅሽ!

ለፋሲካ በልክሽ ያሰፋሁልሽ ቀሚስ ግን በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ሰፍቶብሻል። ልብስ ሰፊው ነው ያበላሸው፣ አይደል? ደውዬ ልኩን አሳየዋለሁ! እህቴን ፀዳልን ስጠይቃት ወሬ ቀየረችብኝ።

ጉልበትሽን ስሜያለሁ። ዛሬ ምሳ ምን በላሽ? ዛሬውኑ ጻፊልኝ!