ሊቀር ነው የተባለው ኮምፒውተር

ሰኞ

ኮምፒውተሩ ደግሞ ጠፋ። ዘይነባ ሠንጠረዡን አጋምሳ ሳለ ድርግም አለ። “ቲቸር፣ ወላሂ ምንም አልነካሁም” አለች፣ ፖሊስ የያዛት ይመስል ሁለት እጇን አንስታ። እሷ አይደለችም። ትናንት እኔም ላይ ጠፍቷል።

ዘይነባ ከቢስቲማ መጥታ እዚህ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ የገባች ልጅ ናት። ቅዳሜ የኮምፒውተር ምዘና ፈተና አለባት። ካለፈች ከማሽኑ ጩኸት ወጥታ ቢሮ ትገባለች፤ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከፈረቃ ስትወጣ የምትለማመደው በዚሁ በእኛ ቤት ግራጫ፣ ስክሪኑና አካሉ አንድ በሆነ ኮምፒውተር ነው። አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የገዛልኝ።

ወሬውም አለ። የሠራው ኩባንያ ይህን ዓይነት የቤት ኮምፒውተር ማምረት ሊያቆም ነው ይባላል። አንዱ ድረ ገጽ አዲሱ በቀጭን ስክሪን ይመጣል ይላል፤ ሌላው ከእንግዲህ አይመረትም ይላል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አንዱ፣ የድሮዎቹን ከሩቅ ሆነው ይዘጓቸዋል ብሎ ጻፈ። ኩባንያው ዝም። ያለፈው ወር ለእማ እየሳቅኩ ነግሬያት ነበር። እሷ አልሳቀችም።

ማክሰኞ

በፊት የማስተምርበት ኮሌጅ ዲን ዘይነባን ባጃጅ ተራ አግኝቷት “የመምህርሽን ኮምፒውተር ኩባንያው ዘጋው አሉ፤ እኛ ጋ አዳዲስ ላፕቶፕ አለ” ብሏታል። ክፍል ገብተው ለማያውቁ ልጆች ውጤት አልፈርምም ስላልኩ “ከባልደረቦቿ ጋር የማትግባባ” ብሎ ያባረረኝ ሰውዬ ነው። እግባባለሁ። ከውሸት ጋር ነው ያልተግባባሁት።

“ምን አልሽው?” አልኳት።

“ለፈተና ነው እንጂ ለሠርግ አይደለም፣ አዲስ ምን ያደርግልኛል አልኩት።”

ኢንተርኔቱን ነቅዬ ሞከርኩት። ያለ ኢንተርኔትም ጠፋ። ታዲያ ከሩቅ የሚዘጉት በምን በኩል ነው? ኃይል ሰጪው ሊሆን ይችላል። ሃርድ ዲስኩም ሊሆን ይችላል። ወሬውን ግን አላምንም። ያመንኩ ቀን ዲኑ አሸነፈኝ ማለት ነው።

ረቡዕ

በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ታቅፌው ደሴ ወጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት “ለልጁ ወንበር ልያዝለት?” አለኝ።

“ያዝለት፣ ካንተ በፊት ነው ትምህርት ቤት የገባው።”

ደሴ ብርድ ነው። ሰኞ ገበያ ሰፈር ያሉት ጋሽ ሰይድ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና “የዚህን ዕቃ ከእንግዲህ አታገኚም፣ ቀረ ተብሏል” አሉ።

“ከማን ሰሙ?”

አሰቡ። “ካንቺ መሰለኝ። በቀደም ስትደውዪ።”

ከፍተው አቧራውን ጠረጉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አብርተው ተዉት። አንዴም አልጠፋም። “ምንም የለበትም። ቤት ሰልችቶት ነው” አሉኝ። ይዤው ተመለስኩ። እማ እንደ ሐጂ ተቀበለችው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዳንቴሉን መልሳ አለበሰችው።

ሐሙስ

ድርግም።

ዘይነባ ሻሿን አስተካከለች፣ እንደገና አስተካከለች። “ቲቸር፣ ዲኑ ጋ ልሂድ እንዴ?” አለች፣ ቀስ ብላ። አልተቆጣኋትም። ፈተናው የእሷ ነው። ነገን ብቻ ጠብቂኝ አልኳት። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ስትሄድ በንዴት፣ እንደገና ልጠቀልለው ብዬ ዳንቴሉን ገፈፍኩት። ገና ከካውያ ሥር የወጣ ይመስል ያቃጥላል።

ቤታችን ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ ሬዲዮው። ስለለመድኩት አይታየኝም። ይሄኛው ግን አዲስ ነው፣ ድርብ ነው፣ ወፍራም። ስንሠራ ፊቱን ብቻ እንገልጠዋለን። ሙቀት የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ደግሞ ጀርባው ላይ ናቸው። ደሴ ስወስደው ዳንቴሉ እዚህ ነበር የቀረው።

“እማ፣ ይሄን መቼ ሠራሽው?”

“ከእንግዲህ አይመረትም ያልሽኝ ዕለት ጀመርኩት። ቅዳሜ ጨረስኩ። ሌላ ከሌለ ይሄው ይጠበቅ ብዬ ነዋ። አባትሽ በእጁ ያመጣው ነው።”

እጇን ይዤ ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ አደረግኩላት። ቶሎ ሳበችው።

“አፍኜው ነው?”

“ትንሽ።”

“ያረቢ፣ በግንቦት ጋቢ ደርቤለት!” ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሁሉም እንባ የሳቅ አልመሰለኝም። ትከሻዋን ይዤ አብሬያት ሳቅኩ።

ዓርብ

መጣች! ከጁምዓ በኋላ ጀምረን እስኪመሽ ሠራን። አልጠፋም። ዘይነባ ሠንጠረዡን ሠርታ፣ አጥፍታ፣ ደግማ ሠራችው።

“ዲኑ ደግሞ ቢያገኘኝ ምን ልበለው?”

“ራቁቱን እየሠራ ነው በዪው።”

“አስተግፊሩላህ” አለች እማ ከጓዳ። ስትስቅ ግን ይሰማል።

ቅዳሜ

ዘይነባ ከፈተናው ቀጥታ እኛ ቤት መጣች። “ሠንጠረዥ መጣ ቲቸር፣ እጄ ሳላዘው ሠራው” አለች። ውጤቱ ገና ነው። አንድ ጥያቄ እንደሳተች ታውቃለች፤ ሌሎቹን አታውቅም።

ስለ ኮምፒውተሩ ዛሬ ሌላ ወሬ ወጥቷል፤ አልቀረም፣ ይመጣል የሚል።

“ኩባንያው ራሱስ ምን አለ?” አለች እማ።

“ዝም ነው።”

“ዝም ይበላ። የኛው እስካለ ምን ቸገረን።”

ዳንቴሉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታዋለች። የጀርባውን ተርትራ መስኮት አውጥታለታለች፤ አሁን ዙሪያውን አበባ እየሠራችበት ነው። አምጥታ ለካችበት። በመስኮቱ እጄን አስገብቼ ነካሁት። ለብ ብሏል ብቻ።