እያወሩ ያራመዱን የመምህርት መብራት ዳልጮ የሕይወት ታሪክ

መምህርት መብራት ዳልጮ ዝናብ ጠፍቶ የሁምቦ በቆሎ እንደቆመ በደረቀበት በ1944 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ ጩማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ታመነች ዳና ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ፤ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ጦና ዳልጮ ይባላሉ። አባታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ አቶ ጦና ትምህርታቸውን ትተው ሞፈር ጨበጡ። እህታቸውን ግን «አንቺ ተማሪ፣ እርሻው ለእኔ ይበቃኛል» ብለው በጋሪ ጭነው ሶዶ አመጧቸው። መምህርት መብራት ይህን ውለታ ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩት ኖረዋል። የኋላ ኋላ ነፍሳቸውን ያስከፈላቸውም ይኸው ውለታ ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሶዶ ከተማ ካጠናቀቁ በኋላ የመምህርነት ሥልጠና ወስደው በ1964 ዓ.ም. በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ሥራ ጀመሩ። ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ፣ ፊሽካ እየነፋች፣ ሜዳ ላይ ስትሮጥ ማየት ለብዙ ወላጅ የሚዋጥ ነገር አልነበረምና ስሞታው ለጉድ ነበር። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች! በሁምቦ፣ በሻንቶና በሶዶ ትምህርት ቤቶች እስከ 2004 ዓ.ም. አስተምረው በጡረታ ተሰናበቱ። በ1967 ዓ.ም. የግብርና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ኤርካሎ ቦልቴ ጋር ጋብቻቸውን በቤተ ክርስቲያን ፈጽመው ታምራትን፣ ሩትንና ኤልሳዕን ወልደዋል። አቶ ኤርካሎ «ከእሷ ጋር ገበያ መሄድ ማለት ውድድር መግባት ነው» እያሉ ስንቱን እንግዳ እንዳሳቁ የሚያውቅ ያውቃል።

በ1992 ዓ.ም. ያ ብርቱ ሰውነት ከዳቸው። የወር አበባቸው ሊቋረጥ ሲል ሙቀት ድንገት ከደረታቸው ተነሥቶ ፊታቸውን ያቃጥላቸው፣ ሌሊት አንሶላው በላብ ይርስ፣ ልባቸው ያለ ምክንያት ይደልቅ ጀመር። እዚህ አገር ያላበው ሰው ሁሉ ወባ ይዞታል። ዘመዱ ቆላው ሁምቦ ለሆነ ሰውማ ማን ሌላ ነገር ያስባል? የወባ ኪኒን ደጋግመው ዋጡ። የደም ምርመራው ምንም የለም ቢልም ጎረቤቱ «የተደበቀ ወባ ነው» አለ፣ እሳቸውም አመኑ። ሴት ልጅ በዚያ ዕድሜ ስለሚገጥማት ለውጥ አፍ አውጥቶ የሚያወራ አልነበረማ።

ወባው በኪኒን አልወጣ ሲላቸው በሩጫ ሊያስወጡት ተነሡ። እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ሽቅብ እየሮጡ ጉልበታቸውን ጎዱ፤ እንቅልፋቸውም ጭራሽ ጠፋ። በመጨረሻ ኦቶና ሆስፒታል ሄደው ሐኪም ሲያነጋግሩ ነው እውነቱን የሰሙት። የወር አበባ ሲቋረጥ የሴትን ልብና አጥንት ሲጠብቅ የኖረው ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ እንቅስቃሴ ከበፊቱ ይልቅ ያስፈልጋታል፤ ልኩ ግን የራሷ ልክ ይሁን። እየተራመደች መዘመር ከቻለች ገና ነው። ማውራት ችላ መዘመር ካቃታት ደህና ነው። ማውራትም ካቃታት በዝቷል። ጤነኛ ሆና የለመደች ሴት አልፎ አልፎ አቀበት ብትጨምር ይጠቅማታል፤ ደረቷን ጫን ካላት ግን እዚያው ትቁም፣ ትመርመርም። መምህርት መብራት «ይህን ሁሉ ዘመን ፊሽካ ስነፋ እንዴት አንድ ሰው አልነገረኝም?» ብለው ሐኪሙ ፊት አለቀሱ።

በ1995 ዓ.ም. እኩዮቻቸው የሆኑ የሰፈሩን ሴቶች አሰባስበው ጠዋት ጠዋት መራመድ ጀመሩ። ከቤተ ክርስቲያን እህቶቻቸው ጋር ጎረቤታቸው እትዬ እታፈራሁም ነበሩ። እትዬ እታፈራሁ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የእኛን መዝሙር አያውቁትም፣ ወሬ ግን ያውቃሉ። ከቤት ሲወጡ የጀመሩት ወሬ ቤት እስኪመለሱ አያልቅም። ደም ግፊትም ስላለባቸው መምህርት መብራት መለኪያ አደረጓቸው። እትዬ እታፈራሁ እያወሩ ከሆነ ጉዞው ልክ ነው፤ ዝም ካሉ ሁሉም ቀስ ይላል። «ኧረ እታፈራሁ ዝም አለች!» ከተባለ መንገዱ በሳቅ ነበር የሚሞላው። ያን ሳቅ ከእንግዲህ ከየት እናመጣዋለን?

ታዲያ ሁሉም የሰማቸው እንዳይመስላችሁ። ለእያንዳንዷ ልኳን ሲመርጡላት፣ ለታመመችው ሜዳውን፣ ለጠንካራዋ አቀበቱን ሲሰጡ፣ ሜዳው የደረሳት ትቀየም ነበር። «ከአሮጊት ቆጠረችኝ» ብላ ሽማግሌዎች ፊት ያቆመቻቸው አለች። ሌሎቹ ደግሞ ጾም ጸሎት ይዘው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ዳሞታን እየተሽቀዳደሙ ይወጡ ነበር፤ ቀድማ የደረሰች ጸሎቷ ቀድሞ የሚሰማላት ይመስል! «እግዚአብሔር እግራችሁን አይደለም የሚያየው» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ተዝለፍልፋ በሰው ሸክም የወረደችውም በሳምንቱ ተመልሳ ትሽቀዳደማለች።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መምህርት መብራት ራሳቸው አቀበት ሲወጡ ደረታቸውን ጫን ይላቸው ጀመር። ለሌላው የሚሉትን ለራሳቸው አደረጉ፤ አቀበቱን ትተው ለምርመራ ቀጠሮ ያዙ። ቀጠሮው ሳይደርስ፣ በየካቲት ወር፣ አቶ ጦና ሁምቦ ላይ በድንገት አረፉ። ለቅሶው ሜዳ ላይ ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በእኛ ልማድ የሟች እህት ቆማ አታለቅስም። የወንድሟን ልብስ ይዛ ከለቀስተኛው ፊት ፊት ሜዳውን ከዳር ዳር እየተመላለሰች ትሮጣለች፤ ከቆመች አልወደደችውም ይባላል። ልጃቸው ሩት «እማዬ፣ ሐኪሙ ያለሽን አስቢ» ብላ ክንዳቸውን ያዘች። «እሱ ለእኔ ሲል ዕድሜውን ሙሉ አፈር ገፍቷል፤ እኔ ለእሱ እየለካሁ ልራመድ?» ብለው እጃቸውን መነጨቁ። የአቶ ጦናን ኮት ከፍ አድርገው ሮጡ። ስንቷን ሴት «ቀስ በይ» ያሉ እናት፣ ልጃቸው ከኋላ «ቀስ በይ» እያለች ስትጮህ አልሰሟትም። ለቀስተኛውም «እህት ማለት እንዲህ ናት!» እያለ አደነቀ።

በዚያው ቀን መንጋጋቸውንና ጀርባቸውን አመማቸው፤ አስመለሳቸው። ፀሐይ ነው ተባለ፤ ሐዘን ነው ተባለ፤ ያሉት ሁምቦ ነውና ወባ ነው ተባለ። ሐኪም ዘንድ የደረሱት ለቅሶው ካበቃ በኋላ ነበር። የልባቸው ጡንቻ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ፣ የሞተውን ሥጋ ግን ማን ይመልሳል? ከዚያ ወዲያ ከአልጋ ተነሥቶ በር መድረስ ተራራ ሆነባቸው። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሴቶቹን ማለፍ ይጠብቁ ነበር። ሴቶቹም መጀመሪያ ያልፉ ነበር፤ ቀስ በቀስ ተበታተኑ። የሚያልፍ ሲጠፋ መምህርት መብራት ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መቀመጥ ጀመሩ። ያልቀሩባቸው እትዬ እታፈራሁ ብቻ ናቸው። አጠገባቸው ተቀምጠው፣ መንገድ ላይ እንዳሉ ሁሉ፣ ያወሩላቸው ነበር።

ሲደክሙ ለቤተሰባቸው ያስተላለፉት ቃል አንድ ነው። «በእኔ ለቅሶ ሴት እንዳትሮጥ። ጦናን ሮጬ አልመለስኩትም» አሉ። በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 2008 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ትናንት አስከሬናቸው ቤት ሲገባ ግን ሮጣችሁ። ሩት ለመነቻችሁ፤ አቶ ኤርካሎ በከዘራቸው መንገድ ዘጉ፤ ማን ሰማ? ከሁሉ ፊት የመምህርት መብራትን ፊሽካ አንገታቸው ላይ አጥልቀው የሮጡት እትዬ እታፈራሁ ናቸው። አባቶቻቸው ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ልማዱ የእሳቸው አልነበረም፣ ከእኛ ነው የተማሩት። ስንት ዓመት ያስተማርናቸው መራመድ ቀርቶ ይህቺ ተያዘች! ሲሮጡ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ከትናንት ጀምሮ ዝም ብለዋል።

መምህርት መብራት ባለቤታቸውን አቶ ኤርካሎን፣ ልጆቻቸውን ታምራትን፣ ሩትንና ኤልሳዕን፣ የልጅ ልጆቻቸውን እንዲሁም የወንድማቸውን ልጆች በሐዘን ትተው ሄደዋል። ሮጣ የደከመች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በእቅፉ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም የሰማነውን የምናደርግበት ልብ ይስጠን።

ከዚህ እስከ መቃብሩ በእግር ነው የምንሄደው። እትዬ እታፈራሁ፣ እባክዎ ከሳጥኑ አጠገብ ይሁኑና የፈለጉትን ያውሩልን። ዝም ካሉ ሁላችንም እንቆማለን።