እናትህ ለናኦል የሰጡት ክኒን

ውዴ ደረጀ፣

መኪናህ ባቱ መንገድ ላይ ተገልብጣ ከተለየኸን ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። አዳማ ነፋሷን ጀምራለች፤ ቤቱን ብጠርገው ብጠርገው አቧራ ነው። ሳታውቀው የሄድከው ነገር አለ። አርግዣለሁ፤ መውለጃዬም ተቃርቧል።

መጀመሪያ ሐዘን መስሎኝ ነበር። አርባህ ሳይወጣ ያስመልሰኝ ጀመር። ልጃችንን ናኦልን ሳረግዝ ትዝ ይልሃል? ከአርሲ ነገሌ እህል ጭነን ስንመለስ፣ ላንጋኖ ጋ አይሱዙዋን ዳር አስይዘህ ግንባሬን በመዳፍህ ደግፈህ ታስመልሰኝ ነበር። «ልጄ ሰላም እያለኝ ነው» ብለህ ከነሕመሜ አሳቅኸኝ። ያ ቀላል ነበር። የአሁኑ ውሃ እንኳ አላስቀምጥ አለኝ። ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተተከለልኝ፤ የማስታወክ ማስቆሚያ ክኒንም ታዘዘልኝ። ጎረቤታችን አልማዝ «ጽንስ ያበላሻል፣ እንዳትነኪው» አለችኝ። ፈራ ተባ እያልኩ ዋጥኩት፤ ተሻለኝ።

እናትህ ሊያስታምሙኝ ከነገሌ መጥተው ነበር። የአንተ እንባ ሳይደርቅላቸው እኔን ማብላት፣ ናኦልን ማዘል ያዙ። አንድ ቀን ናኦልን ተቅማጥና ትውከት ያዘው። እኔ ደክሞኝ ተኝቻለሁ። እናትህ እንዳይቀሰቅሱኝ ብለው፣ ያን የኔን ክኒን ሰብረው በስኳር ውሃ በጥብጠው አጠጡት። ሲያስመልሰው ደገሙለት።

ጩኸታቸው ቀሰቀሰኝ። የልጃችን አንገት ወደ ኋላ ተቆልምሟል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ያውቀናል፣ ያለቅሳል፤ አንገቱን መመለስ ግን አቃተው። እናትህ «ያ ኢልማ ኮ! ልጄን!» እያሉ ይጮኻሉ፤ አንተን ይጥሩ እሱን አላወቅኩም። አልማዝ «ጸበል ውሰዱት» አለች። እኔ ባጃጅ አስቁሜ ሆስፒታል ይዤው በረርኩ፤ እናትህም ነጠላቸውን ሳይለብሱ ተከተሉኝ።

ሐኪሙ «የወሰደው መድኃኒት አለ?» ሲል እኔ የለም አልኩ። እናትህ ግን መቀነታቸውን ፈትተው የተረፈውን ክኒን አወጡ። «እናቱን ስላሻላት ሰጠሁት» አሉ።

አልተቆጣቸውም። «እማማ፣ ይኼ ለትልቅ ሰው የታዘዘ ነው። ትንሽ ልጅ ላይ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል። ይለቀዋል፣ አይዞዎት» አለና መርፌ ወጋው። አንገቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። ለሚያስመልሰው ልጅ ደግሞ በውሃ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ እንድንሰጠው፣ ካልጠጣ ወይም ከፈዘዘ ወዲያው እንድናመጣው ነገረን።

ሆዴን ይዤ «እኔስ የዋጥኩት?» አልኩት። «ለነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ ይታዘዛል፤ ጽንስ ሲጎዳ አልታየም። ውሃ እንኳ እየመለስሽ ብትቆዪ ለሁለታችሁም የባሰ ነበር» አለኝ። አመንኩት። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ዝም ሲል ግን አሁንም እደነግጣለሁ። አንተ ብትኖር «ምን ሆነሻል አንቺ» ብለህ ትገስጸኝ ነበር። የሚገስጸኝ የለም።

ናኦል ዳነልህ፤ ይሮጣል። የተጎዱት እናትህ ናቸው። «ልጄን ቀበርኩ፤ የልጄን ልጅ ደግሞ በእጄ ልገድል ነበር» ብለው በማግስቱ ነገሌ ገቡ። ስልክም አላነሳ አሉ። አልማዝ ሰፈሩን ሁሉ አዳርሳው ነበርና ወሬው ደርሷቸዋል።

እንደዚህ ሆኜ መንገድ አይሆንልኝም ብዬ ብቆይም፣ ባለፈው ቅዳሜ ናኦልን ይዤ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስተዋል። ናኦል እየሮጠ ጭናቸው ላይ ወጣ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው አልነካውም አሉ። «እማዬ፣ እኔ ስወልድ ማን ሊይዘኝ ነው? እናት እንደሌለኝ ያውቃሉ» አልኳቸው። ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ሻንጣቸውን አወጡ።

አሁን አብረን ነን። እንደ ድሮው ግን አይደሉም፤ ናኦል ውሃ ሲጠይቃቸው እንኳ ወደ እኔ ዞረው «ልስጠው ወይ?» ይሉኛል። ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሴት! በየጊዜው «ይስጡት፣ የእርስዎ ልጅ ነው» እላቸዋለሁ።

ደረጀ፣ አልረሳህም። ለልጆችህም ማን እንደነበርክ እየነገርኩ አሳድጋቸዋለሁ። የሚመጣውን ልጅ ግን መጀመሪያ የሚታቀፉት እናትህ ናቸው፤ አልነካውም ቢሉም እኔው አስታቅፋቸዋለሁ።

ያንተው ሰናይት