የመጋቢቱ ቀጠሮ

ሎፎተን፣ ኖርዌይ
ሚያዝያ

ውድ ልጄ ቶሩን፣

መርዶሽ የደረሰኝ ሐሙስ ቀን፣ ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ቆሜ ስሠራ ነው። አለቃችን ኦድቫር መጥቶ ማሽኑን አጠፋው። ኮድ የሚባለው ዓሣ በሚጠመድበት ወቅት ማሽን ሲጠፋ አይቼ አላውቅም።

«ምን ተበላሸ?» አልኩት።

«ኢንገቦርግ፣ ጓንትሽን አውልቂ» አለኝና ስልኩን ሰጠኝ።

የሆስፒታል ሐኪም ነበር። ጠዋት ከአያትሽ ቤት በሄሊኮፕተር እንደወሰዱሽ፣ እዚያ ስትደርሺ ልብሽ እንደቆመ ነገረኝ። ደምሽን የመረዘው ኢንፌክሽን መነሻው ጥርስ ነው አለ። ጥርስ! ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ለፋሲካ ዕረፍት ስሸኝሽ የጀልባው መስኮት ላይ አፍንጫሽን ደፍጥጠሽ ስታስቂኝ ነበር እኮ።

ያ ጥርስ በስድስት ዓመትሽ ከኋላ የበቀለው ነው። በቦታው የወለቀ ጥርስ ስላልነበረ የወተት ጥርስ መስሎኝ፣ ቢበላሽም ይወልቃል ብዬ ተውኩት። ባለፈው መስከረም ግን እህል አላስቀምስ አለሽ።

«የበሰበሰውን ሁሉ ከፋቅሁት ነርቩን እነካዋለሁ» አለችኝ የጥርስ ሐኪሟ ሂልደጉን። «ከሥር ጥቂት የበሰበሰ ሆን ብዬ ትቼ በጊዜያዊ መሙያ ደፍኜዋለሁ። በስድስት ወር ጥርሱ ራሱን ያጠነክራል። ያኔ ከፍቼ አጸዳዋለሁ። ባያማትም አምጫት፤ እሺ?»

«እሺ» አልኩ።

አንቺ ደግሞ መንገድ ላይ፣ «እማዬ፣ ሴትዮዋ ሌባውን ቤት ውስጥ ቆልፋበት ሄደች ማለት ነው?» ብለሽ አሳቅሽኝ።

ቀጠሮው መጋቢት ላይ ዋለ፤ ዓሣው በሚጎርፍበት ሰሞን። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወደብ ላይ የኮድ ዓሣ ምላስ እየቆረጥሽ ትሸጫለሽ። እኔም በዕድሜሽ ቆርጫለሁ፤ እናቴም። በዚያ ሰሞን ልጇን ከወደብ የምታስቀር እናት እኛ ጋ የለችም።

«አያመኝም እኮ! ዛሬ ከወደብ ከቀረሁ ዮሩንድ በቆረጠው ብዛት ይበልጠኛል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያሾፍብኝ ሊከርም ነው!»

«ሂጂ በቃ፤ ጥርሱ የትም አይሄድም» አልኩሽ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ደውዬ ቀጠሮውን ወደ ግንቦት አዛወርኩት። ነርሷ «እርግጠኛ ነሽ?» ስትለኝ ሳቅሁ።

መሙያው ተሰንጥቆ ነበር አሉ። ሕመም ስለሌለ የዳነ መስሎኝ፤ ለካ ነርቩ ሞቶ ነው ዝም ያለው። ለአያትሽ ስለ ጥርሱ ምንም አልነገርኳትም። ጉንጭሽ ሲያብጥ ብርድ ነው ብላ በሻርፕ ጠቀለለችሽ። እሷን ማንም አይውቀስ።

ይቅር በይኝ ልልሽ ወረቀት አነሳሁ። ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት። መልስ የማትሰጪበትን ነገር እንዴት ልለምንሽ?

እናትሽ፣
ኢንገቦርግ

ይህን ደብዳቤ በአጥቢያችን ጋዜጣ ላይ ለምታነቡት፦ እኛ ጋ ለሞተ ሰው መጸለይ ብዙም ልማድ አይደለም። ቄሱም «እሷ በጌታ እጅ ናት፤ አንቺ ዕረፊ» ይሉኛል። እኔ ግን አላርፍም። እባካችሁ፣ ስሟን ጠርታችሁ ጸልዩላት። ቶሩን ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።